ቁጥሩንስ ሰማን፣ ከዚያስ?

መንግሥት ሲናገር ሕዝብ ይሰማል፤ ሕዝብ ሲያንሾካሹክስ ማን ይሰማል? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሰሞን ከተማችን ነዋሪዎቿን እንዴት ታሳውቅ እንደነበር ሳስብ ነው። እስቲ እንዳንረሳው እንጫወትበት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። ስልክ ስትደውሉ ከምትፈልጉት ሰው በፊት የኮሮና ምክር ይቀበላችሁ ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰም ቁጥሩን በየቀኑ ይነግሩን ነበር፤ ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል አገገመ፣ ይህን ያህል ሞተ። ሐቁን እንናገር ከተባለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ቢባል ኖሮ ወሬው ብቻውን ይጨርሰን ነበር።

ግን ቁጥር ሁሉን አይመልስም። እኔ በምኖርበት በቦሌ ሚካኤል ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው «ዛሬ ስንት ተያዘ?» ብቻ አልነበረም። «እኛ ሰፈር ገብቷል ወይ?» «አስሎኝ ብደውል ወዴት ነው የሚወስዱኝ?» «ልጆቼንስ ማን ያይልኛል?» ይል ነበር። የዚህን መልስ ሬዲዮው ካልነገረው ጎረቤት ይነግረዋል። ጎረቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከነቅመሙ ነው የሚያወራው። ያኔ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እሳት የሆነው በምን ሆነና!

ሰፈራችን ደግሞ ሶማሊኛ እንደ አማርኛ የሚሰማበት ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ የተከራዩ አንዲት ሶማሊያዊት እናት ነበሩ፤ አማርኛቸው ከገበያ ሒሳብ አያልፍም። ባለቤታቸውን ሳል ያዛቸው። ሴትዮዋ በራቸውን ዘጉ፤ ልጆቹም ድምፃቸው እንዳይሰማ ሆኑ። ለምን? ከተደወለ ነጭ ለባሾች መጥተው ሰውዬውን ይወስዳሉ፣ የተወሰደም አይመለስም ሲባል ሰምተዋላ! ማን ነገራቸው? መንደሩ ነዋ።

ያንን በር ያስከፈተችው በሚያዝያ ቤት ለቤት ሙቀት ስትለካ የመጣች የጤና ባለሙያ ናት። ትልቋ ልጅ እየተረጎመች፣ ባለሙያዋ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። በ8335 ይደወላል፣ ጥሪው አያስከፍልም። ናሙና ይወሰዳል። በሽታው ከሌለ የሚያስቀር የለም፤ ቢገኝም ሕክምናው በነፃ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። የስንት ቀን መግለጫ ያልደረሰበት ቤት ነገሩ በአሥር ደቂቃ ገባ። ሴትዮዋ አስደወሉ። ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ሰውዬው ነፃ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ናሙና ሊወስድ የመጣውን መኪና መንደሩ ሁሉ አይቶት ነበር። ውጤቱ ገና ሳይታወቅ አከራዩ ቤቱን ልቀቁልኝ አሉ። ልጆቹ የግቢውን ቧንቧ እንዳይነኩ ተከለከሉ። መኪናው ሲመጣ ሁሉም አየ፤ ነፃ መሆናቸውን ግን ለመንደሩ የነገረ አካል አልነበረም። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ወር ሳይሞላ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። በሽታው ያልነካውን ቤተሰብ ወሬው አፈናቀለው።

አያቶቻችንን በ1911 ዓ.ም. የፈጀው የኅዳር በሽታ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በጭስ ይታሰባል። ከኮሮናስ ምን እናስቀር? የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ከተናገረ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን ጭምብሉንም ትምህርቱንም አብረን የጣልነው ይመስለኛል።

እኔ ግን አንድ ምክር አለኝ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፣ አያምጣው እንጂ፣ ወረዳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰፈራችን እንዴት ነው? የደወለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይገጥመዋል? መልእክቱስ በጎረቤቴ ቋንቋ አለ ወይ? እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስልኩ በእጃችሁ ነው። ያልተጣራ ወሬ ለመቶ ሰው ከምትልኩ፣ የተጣራውን ለአንዲት እናት ተርጉሙላት። ነፃ ነህ የተባለውንም ሰው ቡና ጥሩት። መንደሩ ያኔ ያምናል።

ቸር ይግጠመን።