ሲሮጡ የታጠቁት ሰርቨር



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ (አሁን እሱም ገጠር ገብቶ ያስተምራል) በኢንቦክስ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ የሰርቨራችን ሶፍትዌር አዲስ ቤታ ወጥቶለታል። ልጫነው ወይስ ልቆይ?» እኔም በአጭሩ «ቆይ!» አልኩት። ምክንያቱ ግን ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እዚህ ልጻፈው።

ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ሁለት ሀርድ ዲስክና አንድ ራውተር ነው፤ በቃ። ተማሪው ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ገብቶ መጽሐፉን፣ ወርክሺቱን፣ ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎችን ወደ ስልኩ ይገለብጣል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የዚህ ነገር ዋጋ ለሁላችንም ገባን። ከጉና ሥር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ ለሚማር የ12ኛ ክፍል ልጅ ያቺ ሳጥን ቤተ መጻሕፍቱ ናት። ፈተና ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው አልነሳም ብትል የሚጎዳው እኔ ሳልሆን እሱ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ። ፍሪናስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ በ2020 ትሩናስ የሚለውን ስም ያዘ። ጎበዝ ነው፤ ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይላል። የእኛ አሮጌዎች 4 ካላቸው እግዜር ይመስገን! ኦፕን ሚዲያ ቮልት ደግሞ በዴቢያን ላይ የተሠራ ስለሆነ በትንሽ ራም ይሄዳል። እኔም እሱን መረጥኩ።

ቤታውን ግን ሞክሬዋለሁ። እንዴት? ፋይል ያለበትን ዲስክ ገመዱን ነቅዬ፣ በሌላ ባዶ ዲስክ ላይ። መጀመሪያ የቆመው ሥሪት በደንብ ተጫነ። ከዚያ ወደ ቤታው ላሳድገው ስል ጉዱ መጣ። አፕግሬድ ማለት እኮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎችን ከኢንተርኔት እያወረደ አንድ በአንድ መተካት ነው። ዳታ የለም፤ ብሮድባንድ ያለበት ቦታ ደጅ ጠንቼ አስገባሁት። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም! ሲመለስ ማሽኑ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀረ። የተቋረጠውን ጨርስ የሚለውን ትእዛዝ ብሰጠውም የጎደለው ጥቅል እንደገና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ተማሪዎቹ ግን አንድ ፋይል አልጎደለባቸውም፤ ዲስካቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧላ!

ሌላም ወጥመድ አለ። ትሩናስ ዜድኤፍኤስ የሚባል የፋይል አያያዝ ይጠቀማል። አዲሱን ሥሪት ስትጭኑ «የዲስኩን ፑል አፕግሬድ ላድርገው?» የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ካልተስማማችሁ ወደ አሮጌው መመለስ ትችላላችሁ። ፑሉ ግን አንዴ ካደገ ወደ ኋላ አይመለስም፤ አሮጌው ሥሪት ላይከፍተው ይችላል። ያን ቁልፍ አዲሱ ሥሪት ወራት ሠርቶ ሳይመሰክር አትንኩት።

ቤታ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ፍሪናስ ኮራል «ተጠናቋል» ተብሎ ወጣ። በኤፕሪል ሠሪዎቹ ራሳቸው መልሰው ሳቡት። የቸኮሉት ሰዎች ወደ ቀድሞው ሥሪት ለመመለስ ፍዳቸውን በሉ። የኛ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ለካ ለሶፍትዌርም ይሠራል።

ታዲያ ቤታ አይሞከር ማለቴ ነው? በፍጹም! እነዚህ ነገሮች በነፃ የምናገኛቸው ሞክሮ ስህተቱን የሚያሳውቅ ሰው ስላለ ነው። እዚሁ አጠገባችን ጋፋትም ሴባስቶፖል ድንገት አልተወለደም፤ ከእሱ በፊት አነስ አነስ ያሉ መድፎች ቀልጠው ተሞክረዋል። ሙከራ ቦታ ይፈልጋል ነው የምለው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዲህ አድርግ፦

1. ፋይሉን በሌላ ዲስክ ገልብጥ። ገልብጠህ አትተወው፤ ከፍተህ እይ።
2. ቅንብሩን በፍላሽ አስቀምጥ።
3. ቤታውን በተለየ ማሽን ወይም በተለየ ዲስክ ሞክር፤ የተማሪው ዲስክ ይነቀል።
4. ዩፒኤስ ከሌለህ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሞክር፤ ባትሪው ትንሽ ከያዘ መብራት ቢጠፋም ያሻግርሃል።
5. ዋናውን ሰርቨር ክረምት፣ ተማሪው ቤቱ ሲገባ ብቻ አሳድግ።

አዲስ ነገር ለማየት መጓጓት የእኛ የመምህራን መብት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በብርድ መጥቶ ስልኩን ይዞ በር ላይ የሚቆመው ልጅ ግን ስለ ሥሪት ቁጥር አይጠይቅም፤ ፋይሉ ይከፈትለት እንጂ።

የሞከራችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ልምዳችሁን ጻፉልን። ትርፍ ሀርድ ዲስክ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼም አትጥፉ 😄

መልካም ሳምንት!