ጭስ መውጫ አያጣም

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጸደይ የሦስት ዓመት ቁጠባዬን ይዤ ሄድኩና የ1972 ሥሪት ዳትሰን 240ዜድ ገዝቼ ተመለስኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የፈረንጅ መኪና በፈረንጅ ይቆጠር ብዬ ነው።)

«ዳትሰን» ስል የሳቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አገር ቤት ላደገ ሰው ዳትሰን ማለት ጤፍና በግ የምትጭን ፒካፕ ናት። ይቺኛዋ ግን ሌላ ናት። ረጅም አፍንጫ፣ ሁለት ወንበር፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ካርቡራተር! በ1970 አሜሪካ ገበያ ስትገባ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። ለጎረቤቶቻችንም እንግዳ አይደለችም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታ ያሸነፉት በዚችው መኪና ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ጭቃና አቧራ የቻለች መኪና ቨርጂኒያ አስፋልት ላይ ምን ትሆናለች ብዬ ገዛኋት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስነሳኋት። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ አለ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «መኪና ነው የገዛኸው ወይስ የዕጣን ማጨሻ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ያኔውኑ ወደ አንድ ጋራዥ በረርኩ። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጭሱን አየና፣ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል» አለ። ስንት? 6,500 ዶላር። እናንተዬ፣ ቤታችን ውስጥ ያለችው ብር ባለቤቴ መስከረም ላይ ለምትጀምረው የነርስ ትምህርት የተቀመጠችው ብቻ ናት። እሷን ልንካ ነው?

በንዴት ለሻጩ፣ ለአንድ አዛውንት አሜሪካዊ፣ ረጅም መልእክት ጻፍኩላቸው። ምን ያልኩት ነገር አለ? «አታለውኛል» አልኩ። «እያወቁ ነው የሸጡልኝ» አልኩ። እሳቸው የመለሱት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እኔ ዘንድ አልጨሰችም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ቆማ እንደነበር ግን ነግሬሃለሁ።» እውነት ነው፣ ነግረውኛል። እኔ ግን «ብዙ ያልተነዳች» ማለት «ያልተጎዳች» ማለት መስሎኝ ነበር።

ሌላ ምክር ፍለጋ በአዲስ አበባ ጋራዦች ፀጉራቸው የሸበተ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው እዚሁ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ቡናቸውን ፉት እያሉ ሰሙኝና ሦስት ነገር ጠየቁኝ።

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ።»

«እንግዲያው ዘይት ነው። ጥቁር ቢሆን ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወደ ካርቡራተሩ ትሄዳለህ። ነጭ ሆኖ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ የጠዋት እንፋሎት ነው፣ ተወው። ነጩ አልጠፋ ካለ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተህና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መቼ ነው የሚጨሰው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

«ፋሻ ከሆነ ሽቅብ ስትወጣ፣ ሞተሩ ሲጫነው ይጨሳል። ጠዋት ስታስነሳና ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ለቀህ ወርደህ እንደገና ስትረግጥ ከሆነ ግን ከቫልቭ ጎሚኒ ነው። ሌሊት ዘይቱ በቫልቩ ዘንግ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይስበዋል። ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሽኑ ተለክቷል?»

አልተለካም! 6,500 ዶላር የጠየቀኝ ሰው በዓይኑ ነበር የለካው።

ቅዳሜ መለኪያቸውን ይዘው መጡ። ሞተሩን አሞቅን፣ ኮረንቲውን ነቀልን፣ ስድስቱንም ካንዴላ አወጣን፣ እኔ ነዳጁን እስከ ታች ረግጬ ሞተሩን አዞርኩ። ስድስቱም ሲሊንደር ከ160 እስከ 170 ፒ.ኤስ.አይ. መካከል መጣ። «ፋሻህ ደህና ነው» አሉ ጋሼ። «አንዱ ዝቅ ቢል ኖሮ ጥቂት ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካው ነበር። ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ የቫልቩ።» ካንዴላዎቹን ሲያዩ ሦስተኛውና አምስተኛው በዘይት ርሰው ጠቁረዋል።

«መጀመሪያ ርካሹን» አሉና የሞተሩን የውስጥ እንፋሎት ወደ ማስገቢያው የምትመልሰውን ትንሿን ቫልቭ ፈቱ። ጆሯቸው አጠገብ ወዘወዟት። ደህና ከሆነች ትንኳኳለች፤ የእኛዋ ግን በዘይት ዝቃጭ ተጣብቃ ድምፅ የላትም። ቀየርናት። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ የነበረው ጭስ ቀነሰ፤ የጠዋቱ ግን አልቀረም።

ቀጣዩ ቅዳሜ የጎሚኒ ሆነ። ቴስታታውን ሳናወርድ! እንዴት አትሉም? በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ ይገባል። ከዚያ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ ይገፋና ቫልቮቹን ደግፎ ይይዛቸዋል፤ ሞላው ሲፈታ ቫልቩ ወደ ውስጥ አይወድቅም። አሥራ ሁለቱንም ቀየርን። አሮጌዎቹ እንደ ፕላስቲክ ደርቀው በእጄ ሲሰበሩ ጋሼ፣ «ጎማ ሲቆይ ይሞታል፤ መኪና መሄድ ነው ጤናው» አሉኝ። ዕቃው ሁሉ ከመቶ ዶላር በታች ነው የፈጀው። ጋሼ ለድካማቸው ያስከፈሉኝ ቡና ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አስነሳኋትና ከኋላ ሄጄ ቆምኩ። ምንም የለም። ባለቤቴም መጥታ ከጎኔ ቆመች። «ትምህርት ቤቴ ተረፈ?» አለችኝ። ተርፏል።

የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የአዛውንቱን ስም ያፈሰስኩት እኔ ነኝና መልቀሙም የእኔ ሆነ። ያ መካኒክ መኪናዬ ላይ ያደረገውን እኔም ሰው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ጭሱን አይቼ ሳልለካ ፈረድኩ። ደወልኩላቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ችግሩንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «አንድ ቀን ይዘሃት ና፣ ድምጿ ናፍቆኛል» አሉኝ።

እሁድ እንሄዳለን። ቁልቁለቱ ላይ በስፖኪዮ ማየቴን ግን አሁንም አልተውኩም።