ግንድ የለውም ብለን የናቅነው ዘንባባ

በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ስትመታ መብራት ጠፍቶ፣ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ሰው በብርድ አልቆ ስለነበር ለተክል ማዘን ነውር ነበር። አሁን ግን ልናገረው። ሂውስተን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትደርስ፣ በየደጃችን ግራና ቀኝ ያቆምናቸው የደቡብ አሜሪካዎቹ ኩዊን ፓልሞች አለቁ። ቅጠላቸው ጠወለገ፤ ልባቸው በሰበሰ፤ ግንዳቸው በመጋዝ ወረደ። የሚያንገበግበኝ የእነሱ ሞት አይደለም። ብርዱን የሚችል ዘንባባ ድሮውንም የዚያው መሬት ተወላጅ መሆኑ ነው።

ድዋርፍ ፓልሜቶ ይሉታል፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሳባል ማይነር። ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር ከላይ የሚታየው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ቅጠሉ ብቻ ነው። ከሰሜን ካሮላይና እስከ ቴክሳስ በዱር ይበቅላል፤ በብራዞስ ወንዝ ዳር ረግረግ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደ ልቡ ነው። ውሃ ቢተኛበት ግድ የለውም። የሚያቆጠቁጥበት እምብርቱ ከአፈር በታች ስለሆነ ቅጠሉ በውርጭ ቢቃጠል እንኳ መልሶ ያወጣል።

ለአዲስ ሰፈር መሬት ሲጠረግ ግን ማን ዛፍ ብሎ ይቆጥረዋል? ቡልዶዘሩ ከቁጥቋጦው ጋር ይዞት ይሄዳል። ነቅሎ ማዛወርም አያዋጣም፤ ግንዱ ጠልቆ ስለሚገባ ሲቆፈር ሥሩ ይቆራረጥና ብዙውን ጊዜ ይደርቃል።

እሱስ ይሁን፤ እኛ ቤት ሳንገዛ የሆነ ነው። ከበረዶው በኋላ ያለፈን ዕድል ግን የእኛው ነበር። ግቢው ሁሉ ባዶ ነበር፣ ጉድጓዱም ተቆፍሮ ነበር። አገር በቀል ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ትንሿን ፓልሜቶ ገዝቶ መትከል፣ ያም ቢቀር ጥቁሯን ፍሬ መቅበር ምን ይከብድ ነበር? ብዙዎቻችን ያንኑ ኩዊን ፓልም መልሰን ተከልን። ቶሎ ያድጋላ! ከመንገድ ይታያላ! በዲሴምበር 2022 ብርዱ ዳግመኛ መጣ።

አንጀት የሚያሳርረው የዓመታቱ መባከን ነው። ፓልሜቶ አዝጋሚ ነው፤ ከፍሬ የበቀለው ማራገቢያውን ከመዘርጋቱ በፊት ለዓመታት ሣር መስሎ ይቆያል። ያንን ጊዜ ከየትኛውም ሱቅ መግዛት አይቻልም።

ሁማ የሚባሉት የሉዊዚያና ነባር ሕዝቦች በዚሁ ቅጠል ባርኔጣና ቅርጫት ይሠራሉ፤ ቀድሞ ጎጆም ይከድኑበት ነበር። እኛስ? ሰሌን ላይ ያደግን፣ በሆሳዕና ዘንባባ ሰንጥቀን ቀለበትና መስቀል የምንታታ ሰዎች ነን። ከማንም ቀድመን ልናውቀው ይገባን ነበር። ዛሬም ለበዓሉ ዘንባባ በገንዘብ እንገዛለን። ከ2021ዱ በረዶ በኋላ በነበረው ፀደይ ተክለን ቢሆን ልጆቻችን ከገዛ ግቢያቸው ቆርጠው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ጊዜ በደረሰ ነበር። ዛሬ ብንተክል፣ ቅጠሉ ለመቆረጥ ሲደርስ እነሱ ቤቱን ለቀው ይወጣሉ።