ስለ ደምና ስለ ብርሃን

የሀገራችን ሰው የፀሐይን ጥቅም ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቃል። በጉና ተራራ ግርጌና ዙሪያ በተዘረጉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደገ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ እናቶች አጎዛውንና ቁርበቱን፣ ደበሎውንና ጋቢውን አውጥተው ያሰጣሉ፤ አራስ ሕፃንንም ገላውን ቅቤ ቀብተው በማለዳ ፀሐይ ያሞቁታል። እኔም በእስቴ ያደግሁ እንደ መሆኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት በቤት ውስጥ ነው። በኋላ ግን የሳይንስ መምህር ሆኜ መጻሕፍትን ስመረምር፣ የሰው ልጅ በዚህ ልማድ እጅግ ርቆ መሄዱን ተረዳሁ። ዛሬ ልብስና ቁርበት ብቻ ሳይሆን፣ ከሰጪው ክንድ ተቀድቶ በከረጢት የተቀመጠ ደም እንኳ በብርሃን ይታከማል። ለአንባቢዎቼ ላቀርብ ያሰብሁት ስለዚህ ሥራ ነው፤ ነገሩ ለመደነቅ ያህል ብቻ እንዳይሆን፣ ለእኛ አገር ምን እንደሚረባም አብረን እንመርምር።

ዐይናችን የሚያየው ብርሃን፣ በቀስተ ደመና እንደምንመለከተው፣ ከቀይ ጀምሮ በሐምራዊ ይፈጸማል። ብርሃን ራሱ ግን በዚያ አይፈጸምም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1801 ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ከሐምራዊው ወዲያ፣ ምንም በማይታይበት ስፍራ፣ የብር ጨው ፈጥኖ ሲጠቁር ተመለከተ፤ በዚያም የማይታይ ጨረር መኖሩን ዐወቀ። አልትራቫዮሌት የምንለው ይህ ነው። በ1877 ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚያጠፋ አሳዩ። በ1903 ደግሞ የዴንማርኩ ሐኪም ኒልስ ፊንሰን በቆዳ ላይ የሚወጣውን የነቀርሳ ቁስል በብርሃን በማከሙ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ይህን ብርሃን በደም ላይ ማዋል ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፕላዝማ፣ ማለት የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ከብዙ ሰዎች ተሰብስቦ በአንድነት እየተቀላቀለ ለቁስለኞች ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ሰጪ የመጣ የጉበት በሽታ ብዙዎችን ይበክል ነበር። አሜሪካውያን ፕላዝማውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፊት በማሳለፍ በሽታውን ለማጥፋት ሞከሩ፤ ዳሩ ግን በ1955 ታትሞ የወጣው ምርመራ፣ ብርሃኑ እንደ ታሰበው በሽታውን እንዳላጠፋ ገለጠ። ደም እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ባለመሆኑ ብርሃን ወደ ውስጡ ጠልቆ ለመግባት ይቸገራል፤ ይልቁንም ቀዩ ክፍል ጨረሩን ይውጠዋል።

ከዚያ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ብርሃኑን ብቻውን አላሰማሩትም፤ ረዳት ሰጡት። አንዱ ረዳት አሞቶሳሌን የሚባል መድኃኒት ነው። ሌላው ራይቦፍላቪን፣ ይኸውም በወተትና በእንቁላል ውስጥ የሚገኘው ብጫው ቫይታሚን ቢ ሁለት ነው። ረዳቱ ከደሙ ጋር በከረጢቱ ውስጥ ይቀላቀላል። ከዚያም ብርሃን የሚያሳልፈው ከረጢት በመሣሪያው ውስጥ ይጋደምና፣ መብራቱ እየበራበት እንደ ወተት ቅል ይናጣል፤ መናጡም ከሥር ያለው ወደ ላይ እየወጣ ሁሉም የብርሃኑን ድርሻ እንዲያገኝ ነው። ረዳት ሳይጨመር አጭሩን አልትራቫዮሌት ብቻ በፕሌትሌት ላይ የሚያበራ ሌላ ዐይነት መሣሪያም አለ።

አሁን አንባቢ፣ «ጀርሙን የገደለ ብርሃን ደሙን ስለ ምን አይገድለውም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያማረ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗ የታወቀ ነው፤ በዚያ የዋለ ሰው መጽሐፍ የሚበዛው በመገልበጥ መሆኑን ያውቃል። ባክቴሪያም፣ ቫይረስም፣ የወባ ተውሳክም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ በውስጡ የመራቢያውን መጽሐፍ ይዟል፤ ለመባዛትም ያንን መጽሐፍ መገልበጥ አለበት። ብርሃኑና ረዳቱ የሚያበላሹት ይህን መጽሐፍ ነው። ፊደሉ የፈረሰበት ጀርም ሊገለብጠው የሚችለው ነገር አይኖረውም። ቀዩ የደም ሕዋስና ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ግን አስኳል የላቸውም። ቀዩ ሕዋስ አየር ተሸክሞ የሚመላለስ ጫኝ ነው እንጂ የሚራባ አይደለም፤ ስለዚህ መጽሐፍን የሚመታ መሣሪያ እርሱን በአብዛኛው አልፎት ይሄዳል።

ይህን ነገር ከትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ አውጥቶ በልቤ ያኖረው በዘመዶቼ ላይ የደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ በስማዳ ቆላ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ከወለደች በኋላ ደም ይፈስሳት ጀመር። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወደሚገኝበት መንገድ አወጧት። ሆስፒታል ስትደርስ እጇ ቀዝቅዞ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ ለእርሷ የሚስማማ ደም የተገኘው አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ታናሽ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ነርሷ ቀረበ። ጤናው የተሟላ የሚመስል ጎልማሳ ነው፤ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ግን ገና ወር አልሞላውም ነበር።

«ወንድሜ፣ በቆላ ሳለህ ትኩሳት ነበረብህ ወይ?» አለችው።

«ነበረብኝ፣ ዶክተር። ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ፤ አሁን ድኛለሁ።»

«እንግዲያው ያንተን ደም መውሰድ አንችልም። አንተ ብትድንም በደምህ ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል፤ እርሷ ደግሞ ዛሬ ወባ የምትሸከምበት ጉልበት የላትም።»

«ለገዛ እኅቴ ያልሆነ ደም ለማን ሊሆን ነው?» አለና ከበሩ ወጥቶ ቆመ።

ሁለተኛው ከረጢት ሊነጋ ሲል በአምቡላንስ ደረሰ፤ እናቲቱም ሕፃኑም ተረፉ። ያ ወጣት ግን በዚያች ሌሊት እንደ ባዕድ በደጅ መቆሙን እስከ ዛሬ ድረስ ያነሣል።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ነርሷም እውነት አላት፤ ወጣቱም እውነት አለው። በቅርቡ ወባ የታመመ ሰው ደም እንዳይሰጥ የሚከለክለው ደንብ በሽተኛን የሚጠብቅ ደንብ ነው። ነገር ግን የስማዳ ምድር ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ እየወረደ ቆላ ይሆናል፤ ከጋይንትና ከእስቴ ደጋም ብዙ ጎልማሳ ለቀን ሥራ ወደ ምዕራቡ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ስለዚህ ደንቡ በትክክል በተፈጸመ ቁጥር ከደም ሰጪዎች ሰልፍ የሚወጣው ጉልበታሙ ወጣት ነው፤ ማቀዝቀዣውም ይጎድላል። ደንቡን ብንጥሰው ደግሞ ወላዲቱን በአንድ እጅ አድነን በሌላው እንበክላታለን።

የብርሃኑ መሣሪያ ለእኛ የሚረባው እዚህ ላይ ነው። ይህም በአፍሪካ ምድር ተፈትኗል። በጋና አገር በኩማሲ ከተማ፣ በራይቦፍላቪንና በአልትራቫዮሌት የሚሠራው ሚራሶል የተባለ መሣሪያ በሙሉ ደም ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ወባ ሳይኖርባቸው ወባ ያለበትን ደም ከተቀበሉት መካከል፣ ደሙ በብርሃን ካልታከመላቸው 37 ሰዎች ወባ የተላለፈባቸው 8 ሲሆኑ፣ ከታከመላቸው 28 ሰዎች ግን 1 ብቻ ነው። የተፈተኑት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ያመለከተው መንገድ ግልጽ ነው።

ከወባ ሌላ የካላዛር ነገር አለ። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም፣ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ በሽታው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር እንደ መጣ ተገምቷል። በአገራችን የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለቱ የጉበት ቫይረሶች ለቢና ለሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። እነዚህ አራት ምርመራዎች ብዙ ሕይወት አድነዋል፤ ነገር ግን ምርመራ የሚያገኘው የሚፈልገውን ብቻ ነው። ብርሃኑ ግን የጀርሙን ስም አይጠይቅም።

ዳሩ ግን ለመሣሪያው ከአቅሙ በላይ ምስጋና መስጠት አይገባም። ውጫዊ ሽፋን የሌላቸው አንዳንድ ቫይረሶች ይቋቋሙታል። የፕሌትሌትንም ኃይል በመጠኑ ይቀንሳል። የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ከረጢትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስፍራው በየወረዳው ሆስፒታል ሳይሆን፣ ደም ተሰብስቦ በሚመረመርበትና በሚከፋፈልበት በደም ባንክ ነው። ደሙ በዚያ ከታከመ በኋላም ጥንቃቄው አይቀርም፤ ቀዩ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሙቀት ቢቀመጥ 35 ቀን ያህል ይቆያል፤ ፕሌትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተናወጠ 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ይህ ሙቀት ለባክቴሪያም የተመቸ ስለሆነ፣ በሌላው ዓለም የብርሃኑ ሥራ አስቀድሞ የተስፋፋው በፕሌትሌት ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያው ደምን አይፈጥርም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክን ሥራ በ1969፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከጀመረ ወዲህ፣ በ2012ም ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ በኋላ፣ መሠረቱ ሳይለወጥ የቆየው የሰጪው ፈቃድ ነው። ብርሃን ባዶ ከረጢትን ሊያክም አይችልም።

ስለዚህ የበጀትና የዕቅድ ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንት፣ ይህ መሣሪያ የወባና የካላዛር ቆላ ለሚያዋስናቸው የደም ባንኮች፣ ለምሳሌ ለባሕር ዳርና ለጎንደር፣ ይስማማ እንደ ሆነ ዋጋውን ከጥቅሙ ጋር አመዛዝነው እንዲያስመረምሩ እለምናለሁ። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የምታስተምሩ ባልደረቦቼም፣ ደም መስጠት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ። ዕድሜያችሁ 18 የሞላ፣ ጤና ያላችሁ፣ ወደ ቆላም ያልወረዳችሁ ተማሪዎች ደግሞ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ክንዳችሁን ብትሰጡ፣ እኅቱን ለማዳን መጥቶ በደንብ ለተመለሰው ወንድማችሁ ተተካችሁለት ማለት ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ የእርሱን ተራ የምትጠብቁለት እናንተ ናችሁ።