ሹፌሩን አናስቸኩለው



ዛሬ የማወራችሁ በሹፌሩ ፊት ስላለችው የሞተር ሙቀት ጌጅ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስወጣ ጋቢና ቦታ ካገኘሁ ዓይኔ ከእሷ ላይ አይነሳም።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። 37 ኪሎ ሜትር ያህል በምትሆን መንገድ 1,400 ሜትር ሽቅብ እንወጣለን ማለት ነው። ሚኒባሱ ሰውና ጭነት ሞልቶ በከባድ ማርሽ ሲያዘግም ሞተሩ ብዙ ይደክማል፤ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ግን ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሳል። በዚያ ላይ ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ጨንቻ ላይ የተጣደ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይቆማል።

የጨንቻ ጠዋት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ በየቦታው ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ አስነስቶ ጥቂት መታገስ፣ ሙቀቱ ልኩ ላይ እስኪደርስ ድረስም ነዳጅ ሳይረግጡ በቀስታ መንዳት ያስፈልጋል። በቀላል አውሮፕላኖችና ሞተር ባላቸው ግላይደሮች ላይ በብዛት የሚገጠመው ሮታክስ 912 የሚባለው ሞተር የዘይቱ ሙቀት 50 ዲግሪ ሳይደርስ ለመነሻ ሙሉ ኃይል አይሰጠውም። አብራሪው ቆሞ ጌጁን ያያል። በሰማይ ላይ ዳር ይዞ መቆም የለማ!

አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ ጌጁ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ከኋላ ጩኸቱ ቀለጠ፤ «ገበያው ሊያልፈን ነው!»፣ «ውሃ ጨምርበትና እንሂድ!» ሹፌሩ አልሰማቸውም፤ ረዳቱንም ክዳኑን እንዳይነካ ከለከለው። ልክ ነበር። ትኩስ ራዲያተር ሲከፈት ታፍኖ የቆየው ውሃ በእንፋሎት ተወርውሮ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዞ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተና ውሃ ሞላ። ሁላችንም በሰላም ገባን፣ አልሐምዱሊላህ።

ወንድሞቼ፣ ከመካከላችሁ ሹፌርና ረዳት የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። የተሳፋሪው ነፍስና የባለቤቱ ንብረት እጃችሁ ላይ ያለ አማና ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃና ዘይት እዩ፤ ዳገት ላይ ጌጁን ተመልከቱ፤ ከፍ ማለት ከጀመረ ቀዩን ሳይነካ ቁሙ።

እኛ ተሳፋሪዎችም ድርሻ አለን። ብዙ ጊዜ ሹፌሩን እያየ እንዳላየ እንዲያልፍ የሚያደርገው የእኛ ጩኸት ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ሹፌሩ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ሲል ከሰማችሁ «አይዞህ፣ እንጠብቃለን» የምትሉት የመጀመሪያዎቹ እናንተ ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።