ፊውዝ ለምን ይቃጠላል?

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ብዙ ሰው የሚናደደው በፊውዙ ነው። አውጥቶ ይወረውርና ሌላ ይተካል። ሁለተኛውም ሲቃጠል ትዕግሥቱ ያልቅና ወይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልበታል፣ ወይ ወፍራም ሽቦ ያስርበታል። ፊውዝ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። “ሌባ ገባ!” ብሎ የጮኸን ዘበኛ አፉን ማፈን ደግሞ ሌባውን አያስወጣም። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

አጎቴ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ታክሲ ነው። የመኪናዋ ቴፕ (ዛሬ ካሴት መጉረስ ትቶ ፍላሽ ብቻ ቢያነብም ስሙ ያው ቴፕ ነው) ድንገት ጸጥ ማለት አመጣ። ፊውዙ ይቀየራል፣ ሁለት ቀን ይሠራል፣ ደግሞ ይቃጠላል። በመጨረሻ አንድ ቴፕ ገጣሚ “ፊውዙ አቅም አንሶት ነው” ብሎ የ10 አምፔሩን አውጥቶ 30 አምፔር ሰካበት። እውነትም ፊውዙ መቃጠሉን ተወ። በሦስተኛው ቀን ግን ከኋላ የተቀመጡ እናት “ሹፌር፣ ላስቲክ የሚቃጠል ይሸተኛል!” አሉ። ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ይወጣ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ተጋፍቶ ወረደ፤ አጎቴም ሮጦ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። መቼም እግዜር አተረፈው እንጂ መኪናዋ ብትነድ ኖሮ የስድስት ሰው እንጀራ አብሮ መንደዱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊውዝ የሚመረጠው ቴፑን ለማስጮህ ሳይሆን ሽቦውን ለማዳን ነው። ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ፊውዙ ቀድሞ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ፊውዝ ከተሰካ ግን ከሁለቱ ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው።

ሒሳቡንም በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ተምረነዋል። ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ከረንት ይሰጠናል። የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ የመንገዱ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ብቻ ነው እንበል፤ 12 ቮልት ለ0.1 ሲካፈል 120 አምፔር ይሆናል! ይህን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው ጌዎርግ ኦም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር የነበረ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። እኛ ነገ መምህራን የምንሆን ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ይገባል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አጎቴ መኪናዋን ወደ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ወሰዳት፤ እኔም ባትሪ እያበራሁ ሳግዛቸው ዋልኩ። ሰውየው ሽቦ ከመንካታቸው በፊት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው።

“የሚቃጠለው መቼ መቼ ነው?”

አጎቴም አሰብ አድርጎ “አሁን ሲሉኝ ነው ልብ ያልኩት፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስወጣ ይመስለኛል፣ ጋሼ” አላቸው።

“እንግዲያው ቴፑ አይደለም። ሲንቀጠቀጥ ብረት የሚነካ ሽቦ አለህ” አሉት።

ቴፑን ከነሶኬቱ ነቀሉት። ከገበያ በሚገዙ ቴፖች ላይ በአብዛኛው ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ሰዓቱና የጣቢያው ቁጥር እንዳይጠፋ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል። ጥቁሩ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ እሱም ቀለም በተፋቀለት ንጹሕ ብረት ላይ መሆን አለበት።

ከዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በቢጫው ሽቦ ላይ የነበረውን ፊውዝ አውጥተው በእሱ ቦታ ባለ 5 ዋት አምፖል አሰሩ። እንዲህ ያለ አምፖል በ12 ቮልት የሚያሳልፈው 0.4 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሽቦው ብረት ቢነካም ምንም አይቃጠልም፤ አምፖሉ ብቻ ይበራል። ቴፑ ተነቅሏልና መብራት አልነበረበትም። ሽቦውን ከፊውዙ ጀምረው በየስንዝሩ እየወዘወዙ ሄዱ። ጨለማ፣ ጨለማ፣ ጨለማ... ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ አንድ የብረት ማቀፊያ ጋ ሲደርሱ አምፖሉ ቦግ አለ! ብረቱ የሽቦውን ልባስ ልጦት ኖሯል።

ባትሪውን ፈትተው አንድ ስንዝር የሚሆን የነደደ ሽቦ ቆረጡና በአዲስ ቀጠሉት፣ በዩ፣ በናስትሮ ጠቀለሉት፤ ከብረቱም አርቀው አሰሩት። የ10 አምፔሩን ፊውዝም ወደ ቦታው መለሱ። ሥራው ሁሉ ከሁለት ሰዓት አልበለጠም። ቴፑም ያው እስከ ዛሬ ይዘፍናል።

ከዚህ የምንማረው ለመኪና ብቻ አይመስለኝም። ነገ በየክፍላችን ዘወትር የሚያረፍድ፣ የሚያንቀላፋ ወይም የሚረብሽ ተማሪ ይገጥመናል። ተነሥ፣ ውጣ፣ ተንበርከክ ማለት ቀላል ነው፤ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን እንደ 30 አምፔሩ ፊውዝ ነው፤ ጉዳቱ ከውስጥ እየነደደ ይቀጥላል። ሽማግሌው እንዳደረጉት “መቼ መቼ ነው?” ብለን ብንጠይቅ ምናልባት የሚያረፍደው በገበያ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚያንቀላፋው ቁርስ ሳይበላ በመጣበት ቀን ሊሆን ይችላል። “ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ” ይባል የለ!

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ፊውዝ ሲቃጠል ልክኛውን እንተካ እንጂ አናስተልቀው። በተለይ ደግሞ ምክንያቱን ሳናገኝ ቁልፉን አናዙር።