እጅ የሚያውቀውን ለዓይን ስለ መስጠት

በዘመናችን የመኪና ውድነት የሚለካው በሞተሯ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በዳሽቦርዷ ላይ በተገጠመው ስክሪን ስፋት ጭምር ነው። ቀድሞ ለማሞቂያው አንድ፣ ለራዲዮው አንድ፣ ለዝናብ መጥረጊያው አንድ ቁልፍ ነበረ። ዛሬ በውዶቹ መኪናዎች ውስጥ አብዛኛው ቁልፍ ተነቅሎ ሥራው ለስክሪን ተሰጥቷል። ሲያዩት ያምራል። እኛ ምንም እንኳ የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆን፣ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ቃል እንድንናገር ይፈቀድልን፤ መኪና የሚሠሩት መሐንዲሶች ቢሆኑም፣ የሚሳፈርባትና በመንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉም ሰው ነውና።

ነገሩ በአገራችን የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ ይልቁንም ከቻይና የሚመጡት፣ በዝተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ ስክሪናቸው የሚናገረው በቻይንኛ ነው።

ባለፈው ዕረፍት እንዲህ ባለች ውድ መኪና ተሳፍረን ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጥተን ነበር። አገሩን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ መንገዱ ከከተማው በላይ በአስታው ቁጥቋጦ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን አምባ ይይዛል፤ ቱሉ ዲምቱ ራሱ 4,377 ሜትር ነው። ዳገቱን ስናጋምስ ጉም ወረደብን፤ የፊቱም መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሾፌሩ የመስታወቱን ማሞቂያ ለመክፈት ጣቱን ወደ ስክሪኑ ሰደደ። አንዱን ሥዕል ቢነካ ሌላ ገጽ ወጣ፤ ሁለተኛውን ቢነካ ወንበሩ ይሞቅ ጀመር። «እስቲ እናንተ የተማራችሁ አንብቡልኝ» አለን። አራት ነበርን። አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ እናነባለን፤ አንዱ ጓደኛችን ግእዝ ሳይቀር ያውቃል፤ ምንም አልፈየደም። በዚያች ቅጽበት በመኪናው ውስጥ ከነበሩት ዐሥር ዓይኖች አንዱም መንገዱን አያይም ነበር። ሾፌሩ ቀና ሲል ጋቢ የተከናነበ ፈረሰኛ ከጉሙ ውስጥ ፊት ለፊታችን ብቅ አለ። ፍሬን ተያዘ፤ ፈረሱም በርግጎ ወደ ዳር ወጣ፤ በደኅና ተላለፍን።

ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ መጫን ቀላል ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በዚሁ መንገድ ላይ በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ስንት ዓመት ሲመላለስ፣ ማሞቂያውን የሚከፍተው ሳያይ ነበር። እጁ ቁልፉን በቦታው፣ በቅርጹና በአዟዟሩ ያውቀዋል። ክብ ቁልፍ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በጣቱ የሚያነበው ፊደል ነው። ስክሪን ግን ለጣት ሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት ልስልስ ነው፤ ስለዚህ የግድ ዓይንን ይጠራል። በዚያውም ላይ የሚሠራው የጣትን ኤሌክትሪክ በመለየት ስለ ሆነ፣ ተራ የሱፍ ጓንት ያጠለቀ እጅ ቢነካው አይመልስም። ሳነቴ ላይ ደግሞ ጓንት ጌጥ አይደለም።

ይህ የእኛ የደጋ ሰዎች ቅሬታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት 11 አዳዲስ መኪናዎችንና የ17 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ ቮልቮ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ፣ ማሞቂያና ራዲዮ እንደ መክፈት ያሉ አራት ሥራዎች ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጁ ለካ። ባለቁልፉ አሮጌ ቮልቮ 10 ሴኮንድና 306 ሜትር በቃው። ከአዲሶቹ የመጨረሻው 44.9 ሴኮንድ ፈጀ፤ በዚህም ጊዜ 1,372 ሜትር ተጉዟል። ይህም ከሮቤ እስከ ጎባ ካለው መንገድ አንድ ዐሥረኛው ያህል ነው።

ሲያጌጡ ይመላለጡ እንዲሉ፣ ሠሪዎቹም ራሳቸው እየተመለሱ ነው። የፎልክስቫገን የንድፍ ኃላፊ በ2017 ዓ.ም. ለድምፅ፣ ለማሞቂያና ለአደጋ ምልክት መብራት የሚሆኑት ቁልፎች እንደሚመለሱ ተናግረዋል። የአውሮፓ መኪናዎችን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕም በ2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው መመዘኛ፣ ፍሬቻ፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ መብራት በእጅ የሚጨበጥ ቁልፍ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አይሰጥም።

እኛ ስክሪን ይጥፋ አንልም። ካርታ ለማየት፣ የባትሪውን ይዞታ ለማወቅ፣ ወደ ኋላ ሲነዱ ከኋላ ያለውን ለመመልከት መልካም ነው። አንዳንዶች ደግሞ «ቋንቋው ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ቢተረጎም ይበቃል» ይሉናል። መተርጎሙን እንደግፋለን፤ የቋንቋ ተማሪዎችም ሥራ ነው። ነገር ግን በጉም ውስጥ የሚነበብ አማርኛም ዓይንን ከመንገድ ይነጥቃል።

በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ነገ መኪና የምትገጣጥሙት፣ የሚገባውንም የምትመረምሩት እናንተ ናችሁ። መኪናዪቱ ቆማ ሳለች መሪው ፊት ተቀመጡ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑና መጥረጊያውን፣ የመስታወቱን ማሞቂያና የአደጋ መብራቱን በእጃችሁ ፈልጉ። ያጣችሁትን በምርመራ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት። ይህን ፈተና ያላለፈች መኪና፣ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለባሌ መንገድ አልተሠራችም።